ያልተፈቀደ ቀለም

«ሬሳዬን ተሻግራችሁ ካልሆነ በቀር፣ አስተዳዳሪ ድርጅት የሚባል ነገር እዚህ ሰፈር እግሩን አያስገባም!» ብሎ ጠረጴዛ በደበደበ በሳምንቱ፣ የሳን ታዴዮ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር ኦርቪል ታገርት ወደ አዳራሹ በሚወስደው መንገድ ዳር ሬሳ ሆኖ ተገኘ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የማኅበሩ ቦርድ ድርጅት ለመቅጠር ድምፅ የሚሰጥበት ቀን። ወደ አዳራሹ ለመግባት እሱን ማለፍ ግድ ሆነብን። ሰውየው እንደ ቃሉ ሆነለት ማለት ነው።

ይህን የምነግራችሁ እኔ ሞንቲ ድሩሪ ነኝ፤ በአሪዞና በረሃ መሃል ሃያ ዓመት ሙሉ ጀልባ የሸጥኩ ሰው። ውኃ በሌለበት ጀልባ የሸጠ ሰው የሰው ፊት ማንበብ አያቅተውም። ስለዚህ ከታሪኩ ያላየሁትን ሰምቻለሁ፣ ያልሰማሁትን ከፊታቸው አንብቤዋለሁ፣ የቀረውንም ጎረቤቶቼ ራሳቸው መጥተው አውጥተውልኛል። ለእኔ የማይናዘዝ ሰው ገና አልተወለደም።

ታገርት ጡረታ የወጣ የአውራ ጎዳና መሐንዲስ ነበር። ሜትር ከወገቡ አይለይም። ሣር ይለካል፣ አጥር ይለካል፣ የገና መብራት ከጣሪያው ስንት ጣት እንደወረደ ይለካል። የጋራዤን በር ሰማያዊ ቀባሁና «የሰማይ ቀለም ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ብለው፣ «ሰማይም ቢሆን ማመልከቻ ያስገባ» አለኝ። መልሼ በአሸዋ ቀለም ቀባሁት። ያን ቀን ያፋጨሁት ጥርሴ እስካሁን ያመኛል። የማኅበሩ ጸሐፊ ድዋይት ፔሌቲየር፣ ዕድሜውን በአውሮፕላን አብራሪነት የጨረሰ ሰው፣ በታገርት ትእዛዝ የባንዲራ ዘንጉን በመጋዝ አሳጥሯል። ገንዘብ ያዧ ጌይሊን ሩስቴድ ደግሞ የሞተች እህቷ የሰጠቻትን በነፋስ የሚንሿሿ ቃጭል ከበረንዳዋ አውርዳ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በዚያ ሰፈር ሰባ ቤት አለ፤ ሰባ ቂም አለ ማለት ነው። የእኔን እንደ ሁለት ብትቆጥሩት ሰባ አንድ።

በመጨረሻ ሕዝቡ አመፀ። «ጎረቤት ጎረቤቱን ከሚቀጣ፣ የማናውቀው ሰው ይቅጣን» ተባለና የንብረት አስተዳደር ድርጅቶች እንዲጠሩ ተወሰነ። ሦስት መጡ። የመጀመሪያውን ታገርት «መኪናህን ጠጠር ላይ አቁመሃል» ብሎ አባረረው። ሁለተኛዋን «ማስቲካ ታኝኪያለሽ» ብሎ ሸኛት። ሦስተኛው ጋቪን ሎፍተስ ይባላል፤ ከፓሎ ሴኮ ድርጅት የተላከ፣ ግንድ የሚያህል ቁመት፣ ደረት የሚሸፍን ጢም ያለው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሐሙስ ማታ በቦርዱ ፊት ቀርቦ ተጠየቀና ሄደ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሳትጋረፍ፣ ጌይሊን በእግሯ ስትንሸራሸር ታገርትን አገኘችው። በደረቱ ተደፍቷል፤ ማጅራቱ ተመቷል። ሜትሩ ከእጁ ተዘርግቶ እንደ ምላስ ወጥቷል። ከራሱ አጠገብ የዳቦ ሙልሙል የሚያህል ቀይ ድንጋይ አለ።

ቀይ! የማኅበራችን ደንብ የሚፈቅደው ጠጠርና ድንጋይ አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የአሸዋ ቢጫ። ከመንገድ ዳር እስከ ጓሮ ቢጫ በቢጫ ነን። በሳን ታዴዮ ቀይ ድንጋይ ከአንበሳ ይልቅ ብርቅ ነው።

ከሸሪፉ ቢሮ የተላከችው መርማሪ ኤልቪራ ኦንቲቬሮስ ትባላለች። ቁመቷ ከትከሻዬ በታች ነው፤ ዓይኗ ግን ከሁላችንም በላይ። የተቆላ ሱፍ እየፈለጠች ቅርፊቱን መሬት ላይ አትጥልም፤ ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ረዳቷ ምክትል ሸሪፍ ቦልስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ካቴናውን እንደ መቁጠሪያ ይደባብሳል።

«ማን አገኘው?» አለች።

«ገንዘብ ያዧ፣ ጌይሊን ሩስቴድ» አለ ቦልስ። «ደግሞ ጓሮዋ ውስጥ ምን እንዳየሁ ልንገርዎት? ቀይ ድንጋይ! ቧንቧው ሥር ተሸጉጦ፤ የዚህ መንትያ! በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ቀይ ድንጋይ ያለው ቤት የለም። ልያዛት?»

«ካቴናህ አይሸሽም፤ ቆይ።»

ጌይሊን አምስት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ሹራቧን በዚያ ሙቀት ደረቷ ላይ ሰብስባ ያዘች። እኔ ጠጋ ብዬ «አይዞሽ፤ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» አልኳት።

«አንተ እያለህ ነው የምፈራው» አለችኝ።

መርማሪዋ ከድንጋዩ ፊት ቁጢጥ አለች። አልነካችውም። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቦልስ፣ ሰው የገደለ ሰው ድንጋዩን ምን ያደርገዋል?»

«ይጥለዋል። ወይም ይዞት ይሸሻል።»

«ይሄ አልተጣለም። እይ፣ ጠጠሩን በእጁ ጫር ጫር አድርጎ፣ አስተካክሎ ተክሎታል። እንደ ችግኝ።» ከዚያ ቀና ብላ ወደ ተሰበሰብነው ዞረች። «እዚህ ቦታ ላይ ድሮ ምን ነበር?»

እርስ በርስ ተያየን።

«ጠጠር» አለ ፔሌቲየር በመጨረሻ።

«ከጠጠሩ በፊት?»

«አፈር ነዋ!» አልኩ እኔ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ከሳቁት ይልቅ ዓይናቸውን የሰበሩትን ነበር የምታየው።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ አዳራሹን የመጠየቂያ ክፍል አደረገችው። እኛን ግን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አሰልፋ አላስገባችንም። ከመኪና ማቆሚያው አንድ በአንድ እያስጠራች፣ ራሷ የአዳራሹ በር ላይ ቆማ ሱፏን እየፈለጠች ስንመጣ ታየን ነበር። መንገዱ ታገርት በወደቀበት ቦታ አጠገብ ያልፋል። ፔሌቲየር እንደ ልማዱ ለመነሣት እንደሚንደረደር አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አለፈ። እኔ እንደ ንጉሥ አለፍኩ። ጌይሊን መሬት መሬት እያየች አለፈች። በዚህ መሃል ሎፍተስ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ለድምፅ መስጠቱ መምጣቱ ነበር፣ ጢሙ ገና ከመታጠቢያ እንደወጣ እርጥብ ነው። በአንድ እጁ የወረቀት ኩባያ ቡና ይዟል። ቦታው ጋ ሲደርስ ግራ እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፣ አንገቱን ሰበረ፣ አለፈ።

«አየሽ?» አልኳት ጌይሊንን። «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ለሟች አንገቱን የሰበረ እሱ ብቻ ነው። ጨዋ ማለት ይሄ ነው!»

መርማሪዋ የሱፍ መፍለጧን አቆመች። ያኔ ሱፉ ያለቀባት መስሎኝ ነበር።

ፔሌቲየር ቀድሞ ተጠየቀ።

«አልዋሽዎትም፤ ሲሞት አላለቀስኩም» አለ። «የባንዲራ ዘንጌን ያስቆረጠኝ ሰው ነው። ሊቀመንበርነቱንም እፈልገው ነበር። ግን እኔ ሰው የምገድል ብሆን ኖሮ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ መጋዙ እጄ ላይ እያለ ነበር።»

«ሟቹ ድርጅት መቀጠሩን ይቃወም ነበር አይደል?»

«እስከ ሐሙስ ድረስ! ሐሙስ ማታ ግን ያ ጢማም ልጅ ምን አለው መሰለዎት? ‹እኔ ከተቀጠርኩ ደንቡ ለማንም አይታጠፍም፤ ሊቀመንበሩንም ቢሆን እለካለሁ።› ታገርት በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው! ትላንት ደውሎ ‹ድምፄ ለዚያ ልጅ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ወራሽ ስፈልግ ነበር› አለኝ።»

«ሎፍተስ ይህን ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ፤ ‹ያዝከው፣ ወንድሜ!› ብዬ።»

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ።

«አቶ ድሩሪ፣ በስብሰባ ላይ ‹አንድ ቀን ይሄን ሰውዬ በሜትሩ አንቄ እገድለዋለሁ› ብለዋል።»

«መርማሪ፣ እኔ ያልኩትን ሁሉ ባደርግ ኖሮ ዛሬ የዚህ ክፍለ ግዛት ገዥ ነበርኩ።»

ይሄን ስል ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። በእኔ ፊት ሳይስቅ የቀረ ፖሊስ አላጋጠመኝም።

ሎፍተስ ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ።

«ይሄን ሰፈር ከዚህ በፊት ያውቁታል?»

«ሐሙስ ማታ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጥኩት።»

«በታገርት መሞት ምን ያገኛሉ?»

«እኔ? ኪሳራ ነው እንጂ! ሦስቱም የቦርድ ድምፅ በእጄ ነበር፤ አሁን አንዱ ጎደለብኝ። እመቤት፣ ይሄ ሰውዬ እንዲኖር የሚፈልግ አንድ ሰው በዓለም ላይ ቢኖር እኔ ነኝ። ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ ነበር የተመኘሁለት።» ይሄን ሲል ዓይኑ አልተርገበገበም።

ሲወጣ በበሩ ላይ ስልኩ ጠራ፤ እያወራ፣ እንዲያውም እየሳቀ ወደ መኪናው አመራ። ያ ቦታ ጋ ሲደርስ አሁንም እጁን አነሣ፣ አንገቱን ሰበረ፣ አለፈ።

ቦልስ ለመርማሪዋ ጠጋ አለ። «ይሄኛው ከሁሉም ይልቅ የሚከስረው ነው። ሴትየዋ ግን አስከሬኑን ያገኘች እሷ፣ ቀይ ድንጋይ የያዘች እሷ፣ ቂም ያላት እሷ! ምን እንጠብቃለን?»

«ጥራት።»

ጌይሊን ገብታ ተቀመጠች።

«ወይዘሮ ጌይሊን፣ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ውጦ ይዟል። ረዳቴ እርስዎን ይዞ ሊሄድ ቸኩሏል። ማዳን የምችለው ከነገሩኝ ብቻ ነው። ድንጋዩ የማነው?»

ጌይሊን ወደ መስኮቱ አየች። «የእትዬ ማርጎ ኪንኬድ ነው» አለች።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። ማርጎ ኪንኬድ ከአዳራሹ አጠገብ ባለው ቤት የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ፣ የተቃጠለ አስከሬናቸውን አመድ ከቤታቸው ጎን፣ መንገዱ ዳር፣ ባልየው ራሳቸው በተከሉት ሜስኪት የሚባል የበረሃ ዛፍ ሥር አፈሰሱት። ባልና ሚስት በወጣትነታቸው ከሰሜን ተራሮች የለቀሟቸውን ቀይ ድንጋዮች አሮጊቷ ዙሪያውን ደረደሩበት። ዛፉ አድጎ ቅርንጫፉን በመንገዱ ላይ ጣለ። አሮጊቷ ማታ ማታ ከሥሩ ተቀምጠው ከባላቸው ጋር ያወሩ ነበር። ታገርት ግን ለካ። ዛፉ ከተፈቀዱት ዛፎች አይደለም፤ ድንጋዩ ከተፈቀደው ቀለም አይደለም፤ ቦታውም የጋራ ነው። አሮጊቷ ሆስፒታል የተኙ ሰሞን ሠራተኛ አስመጥቶ ዛፉን አስቆረጠ፣ ጉቶውን አስፈጨ፣ ቢጫ ጠጠር አለበሰበት።

«ሲመለሱ ጮኹ» አለች ጌይሊን። «ያን ጩኸት ሰባውም ቤት ሰምቶታል። አንድም በር አልተከፈተም። ድንጋዮቹ የቆሻሻ መኪና ላይ ሊጫኑ ሲሉ አንድ እሳቸው አነሡ፣ አንድ እኔ። እሳቸው እንደ ሕፃን አቅፈውት ከሰፈሩ ወጡ። በኪራይ ተጎታች ቤት ውስጥ ሞቱ። እኔ የኔን ከመንገድ እንዳይታይ ጓሮ ደበቅኩት። በዚህ ሰፈር ውስጥ ያደረግኩት ትልቁ ጀግንነት ይሄው ነው።»

«ዘመድ ነበራቸው?»

«የልጃቸው ልጅ። እሳቸው ነበሩ ያሳደጉት። ቀጭን፣ ረጅም ጎረምሳ ነበር፤ ሰፈሩ ‹ሽቦ› ይለው ነበር። ባሕር ኃይል ገብቶ ከሄደ በኋላ ነው ዛፉ የተቆረጠው። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ስሙስ?»

ጌይሊን ቀና አለች፤ ፊቷ በኀፍረት ቀላ። «ሽቦ ነበር የምንለው። የአባቱን ስም ማንም አልጠየቀም። በዚህ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በቤት ቁጥሩና በጥፋቱ ነው።»

ይሄን በመስኮቱ ሥር ሆኜ ስሰማ — አጋጣሚ ነው፣ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ብዬ — ምስጢሩ በአንድ ጊዜ በራልኝ። ቀጭን! ረጅም! ጌይሊንን ለማሰር የሚቸኩል! መርማሪዋ ስትወጣ ጆሮዋ ሥር ገባሁ።

«ገዳዩን ይዤልሻለሁ» አልኳት። «ቦልስ ነው። ሽቦ ማለት እሱ ነው!»

ቦልስን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ቦልስ ያደገው ነብራስካ ነው። ግን አንድ ነገር ልክ ብለዋል፤ ሽቦ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና «አሁን ሁሉንም ሰው ይጥሩልኝ። ድምፅዎ ለዚህ ይሆናል» አለችኝ። በሦስተኛው ጩኸቴ ሰፈሩ ሞላ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። መርማሪዋ ያ ቦታ ላይ፣ ቢጫው ጠጠር ላይ አቆመችን። ቀዩ ድንጋይ እንደተተከለ ነበር።

«መርማሪ፣ በእግዚአብሔር፣ ጥላ ያለበት ቦታ ብንሆንስ?» አለ ፔሌቲየር ላቡን እየጠረገ።

«ጥላ እዚህ ነበረ አይደል እንዴ?» አለችው።

ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ጀመር።

«በድንጋዩ እንጀምር» አለች። «ረዳቴ ‹ቀይ ድንጋይ ያላት ሴት ገዳይ ናት› ይላል። የሴትየዋ ድንጋይ ግን እስካሁን ቧንቧዋ ሥር ነው። የታገርትን ራስ የመታው ሌላኛው ነው፤ አሮጊቷ አቅፈው የወሰዱት። ያ ድንጋይ እግር አውጥቶ አልመጣም። የወረሰው ሰው አመጣው።»

«ግን ሽቦ የሚባለውን ማን አየው?» አለ ቦልስ።

«ሁላችሁም። ይሄ ድንጋይ የተተከለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ወይዘሮ ጌይሊን እንዳሳዩኝ፣ ድሮ የድንጋዮቹ ክብ በነበረበት ጠርዝ ላይ ነው። ሰውየው ከመታው በኋላ እንኳ ተንበርክኮ ቦታውን ፈልጎ መለሰው። ይሄ የዘራፊ እጅ አይደለም፤ የባለቤት እጅ ነው። አሁን ደግሞ ወደ አንገት እንሂድ።»

«ወደ ምን?» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት በዚህ መንገድ ስታልፉ ቆሜ አይቻችኋለሁ። እናንተ የሰፈሩ ሰዎች ቀጥ ብላችሁ አለፋችሁ። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ እዚህ ኖራችኋል፤ እግራችሁ ባዶውን ለምዶታል፤ አካላችሁ ዛፉን ረስቶታል። ሎፍተስ ግን ሲመጣ እጁን አንሥቶ አንገቱን ሰበረ። አቶ ድሩሪ ‹ለሟች አክብሮት› አለው። እኔም ይሆናል ብዬ ነበር። ሲመለስ ግን እየሳቀ፣ ስልክ እያወራ ነበር፤ እዚሁ ቦታ ላይ ደግሞ አንገቱን ሰበረ። እየሳቀ ለሟች የሚያጎነብስ ሰው አለ? እጁም ወደ ደረቱ አልሄደም፤ ወደ ጎን ገፋ። ቅርንጫፍ እንደሚገፋ ሰው።»

ሎፍተስ አልተንቀሳቀሰም። «ልማድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ረጅም ሰው ነኝ፤ የትም ጎንበስ እላለሁ።»

«የአዳራሹ በር ዝቅተኛ ነው፤ እዚያ ጎንበስ አላሉም፤ ግንባርዎን ሊገጩ ምንም አልቀረዎትም። ሰማይ ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ነው ያጎነበሱት። ይሄን የሚያደርግ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ዛፉ እያለ ያደገና ዛፉ እያለ የሄደ። መቆረጡን አላየም። ስለዚህ ለእሱ አልተቆረጠም።»

«ግን እሱ እኮ ነው የሚከስረው!» አለ ፔሌቲየር። «ድምፁን ነግሬዋለሁ!»

«ወደዚያ እደርሳለሁ። ወይዘሮ ጌይሊን፣ ድንጋይዎን አመጡት?»

ጌይሊን የእሷን ቀይ ድንጋይ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። መርማሪዋ ተቀብላት ከተተከለው አጠገብ፣ በጎኑ አጋድማ፣ በእግሯ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እንደዚያ አይደለም!» አለ ሎፍተስ።

ሁላችንም ዞርን።

አንዴ ከአፉ ወጥቷል። ከዚያ ግዙፉ ሰውዬ መጥቶ ተንበረከከ፣ ድንጋዩን አነሣ፣ ለጥ ያለውን ፊቱን ወደ አሮጊቷ ቤት አዙሮ ጠጠሩ ውስጥ አስገባው። «ለጥ ያለው ወደ ቤቱ ነው» አለ። «አያቴ ሻይ ታስቀምጥበት ነበር።»

«ሽቦ!» አለች ጌይሊን፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«እትዬ ጌይሊን» አላት፤ ቀና ብሎ አላያትም። «አንቺ አንዱን ማንሣትሽን አላውቅም ነበር። ባውቅ በድንጋዩ ምክንያት አንቺን እንዲጠረጥሩሽ አላደርግም ነበር።»

«ታዲያ ለምን?» አለ ፔሌቲየር። «ሥራውን አግኝተህ ነበር እኮ!»

«ለሥራው መሰለህ የመጣሁት?» ሳቀ፤ እንዲያ ያለ ሳቅ ጠላቴ ላይ አያድርስ። «ይሄን ሙያ የተማርኩት ለዚህ ሰፈር ብዬ ነው። እዚህ ተቀጥሬ፣ በገዛ ሜትሩ ሣሩን ልለካ፣ አጥሩን ልለካ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት ማስጠንቀቂያ፣ ማታ ሲዘጋ ማስጠንቀቂያ! የራሱን ደንብ በራሱ ጉሮሮ ቀስ እያልኩ ላወርድለት። መቶ ዓመት እንዲኖርልኝ ነበር የምጸልየው። እንዴት እገድለዋለሁ? ሬሳ አይቀጣ!»

«ማለዳ ምን ሆነ?» አለች መርማሪዋ።

«ሰፈሩን ዞረህ ስትለካ አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። ደስ ብሎት ይዞኝ ዞረ። እዚህ ጋ ቆመና ጠጠሩን በጫማው ቆሰቆሰ። ‹ደንብ ማስከበር ልማር ካልክ እዚህ ተማር› አለኝ። ‹አንዲት አሮጊት ዛፍ ነበራት። አስፈጭቼ ለቆሻሻ መኪና ሰጠሁት።› ‹የባሏ አመድስ?› አልኩት። አልገረመውም፤ እንዴት አወቅህ እንኳ አላለም። ‹አብሮ ሄደ። አንድ አካፋ አፈር ስጠኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አፈሩ የጋራ ንብረት ነው አልኳት› ብሎ ሜትሩን ዘረጋና ለመለካት ጎንበስ አለ።» ሎፍተስ እጁን አየ። «ድንጋዩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ውሉን የፈረምኩ ቀን ወደ ቦታው ልመልሰው ነበር ያመጣሁት።»

ከሩቅ የአንዱ ቤት አየር ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ይሰማል።

«እናንተም ሰምታችኋል» አለን ሎፍተስ፤ ድምፁን አላነሣም። «አያቴ መጋረጃችሁ ሲንቀሳቀስ እያየች ነበር ያለቀሰችው። የሁላችሁንም ቤት ቁጥር ነግራኛለች። እሱን ከጨረስኩ በኋላ በየተራ ወደ እናንተ ነበር የምመጣው።»

መርማሪዋ ለቦልስ በራሷ ምልክት ሰጠችው። ካቴናው በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ቦልስ የሎፍተስን ሁለት እጆች ከኋላ አሰረና በመንገዱ ይዞት ሄደ። ቅርንጫፉ በመንገዱ ላይ ይወርድበት የነበረው ጋ ሲደርሱ ሎፍተስ የሚገፋበት እጅ አልነበረውም። አንገቱን ብቻ፣ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ አድርጎ ሰበረና አለፈ።

ጌይሊን ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

በወሩ ሌላ ድርጅት ቀጠርን። ፔሌቲየር ሊቀመንበር ሆነ፤ ባንዲራው ወደ ሰማይ ተመለሰ። የጌይሊን ቃጭል እንቅልፍ ይነሣል፤ የሚቃወም ግን የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጌይሊን ያን ቀን ወደ ጓሮዋ የመለሰችውን ቀይ ድንጋይ አውጥታ በሯ ፊት፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ሰባውም ቤት ቀይ ድንጋይ አወጣ። የእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ በክሬን ነው ያስመጣሁት።

አዲሷ አስተዳዳሪ ትዌይላ ኔስቢት ትባላለች፤ ሜትር በወገቧ፣ ደንቡ በብብቷ፣ የማስጠንቀቂያ ጥራዝ በእጇ። ለመጀመሪያው ስብሰባ በመንገዱ ቀጥ ብላ፣ ጫማዋን እያንኳኳች መጣች። እኛ አዳራሹ በር ላይ ቆመን ነበር። ያ ቦታ ጋ ልትደርስ አንድ እርምጃ ሲቀራት ጌይሊን «አንገትሽን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ፔሌቲየር። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ፣ ተራራ በሚንድ ድምፅ፣ «አንገትሽን!»

ልጅቱ ደንግጣ እጇን ወደ ፊቷ አነሣች፣ ጎንበስ አለች፣ አለፈች። ከዚያ ቀና ብላ ባዶውን ሰማይ፣ ቀጥሎም እኛን አየች።

«ምን አለ እዚህ?» አለች።

«ዛፍ» አለቻት ጌይሊን። «ማስጠንቀቂያ ልትጽፊበት ከፈለግሽ ጻፊ።»